ንጋትና በረኛዋ በጎርፉ ቀን

ኤልዉድ ቶምቻክን የማውቀው ረቡዕ ረቡዕ ነበር። ሃያ ዘጠኝ ዓመት በብረት ፋብሪካ ክሬን ሲነዳ የኖረ፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ ሰው ነው። ፋብሪካው ሲዘጋ ጓደኞቹ ቤታቸውን እየሸጡ ወደ ቴክሳስ ተሰደዱ፤ እሱ ግን ሜፕል መንገድ ጥግ ላይ ያለውን አሮጌ የጫማ መደብር ተከራይቶ የኮሚክ መጽሔት መሸጥ ጀመረ። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። አንዲት ልጁ ሞሪን ባል አግብታ ኢሪ ከተማ ትኖራለች። የሰፈሩ ሰው «ስድሳ ዓመት ሞልቶህ የልጅ ሥዕል ትሸጣለህ?» ብሎ ሲስቅበት፣ «እናንተስ ስድሳ ዓመት ሞልቷችሁ ሰው ኳስ ሲመታ ቁጭ ብላችሁ ታዩ የለ?» ይል ነበር።

እኔ የጥርስ ሐኪም ረዳት ነኝ። ረቡዕ ክሊኒካችን የሚሠራው እስከ ቀትር ስለሆነ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ ወደ እሱ ሱቅ ነው የምሄደው። እንደ ፋብሪካ ሰው በአባቴ ስም «ኩቻር» ብሎ ይጠራኛል፤ ቨርና የሚለውን ስሜን ያውቀው እንደሆነም እንጃ። እኔ ደግሞ ሚስተር ቶምቻክ እያልኩ አንቱ ነበር የምለው። አንቱ ማለቴ ግን ከመጨቃጨቅ አላገደኝም።

የምንጨቃጨቀው በሁለት ቤቶች ነበር። ቀኙን ግድግዳ የሃሎራን ቤት መጽሔቶች ይይዙታል፤ ግራውን የብሉስቶን። ሁለቱ አሳታሚዎች እንደ ምራትና አማት በጎሪጥ የሚተያዩ ናቸው፤ የአንዱ ጀግና በሌላው ገጽ ላይ ዝር አይልም። ኤልዉድ ከልጅነቱ ጀምሮ የሃሎራን ሰው ነው። የእሱ ጀግና ኮሎኔል ንጋት ነበር፤ ፀሐይ እስካለች ድረስ ተራራ የሚገፋ፣ ፍርሃት የሚባል ነገር በደሙ የሌለበት። የእኔዋ የብሉስቶኗ በረኛዋ ናት። መዳፏን ግድግዳ ላይ ስታሳርፍ በር ይከፈትላታል፤ ግን የሚከፈትላት ከልቧ ስትፈራ ብቻ ነው። ካልፈራች ግድግዳው ግድግዳ ሆኖ ይቀራል።

«ፈሪ ለእናቱ ይሻላል ይባላል፤ ለአንባቢ ግን አይሻልም» ይለኛል ኤልዉድ።

«የእርስዎ ኮሎኔል ካልፈራ ምኑ ነው ጀግንነቱ? ድንጋይስ መቼ ፈርቶ ያውቃል?» እለዋለሁ።

አንድ ቀን ሁለቱ ቢገናኙ ምን ይሆናል ብዬ ስጠይቀው ፊቱ ተለወጠ። «አይገናኙም። ሰማያቸው ሌላ፣ ጌታቸው ሌላ። እንደዚህ ያለ ወሬ በሱቄ ውስጥ አይወራም» አለኝ። የምሩን ነበር። ያን ቀን ሌላ ነገር አላነሳሁም።

ጎርፉ የመጣው በሰኔ፣ በረቡዕ ቀን ነው። ዝናቡ ሦስት ቀን አላባራም። ከሱቁ ጀርባ የምታልፈው ወንዝ ድሮ ሕፃናት እንቁራሪት የሚያጠምዱባት ነበረች፤ ያን ቀን ግን ጫፏን አልፋ የኋላውን አጥር ስትልሰው ነበር። ስደርስ ኤልዉድ እጅጌውን ሰብስቦ ከምድር ቤቱ ካርቶን እያወጣ ነው። አርባ ዓመት ያጠራቀመው ሁሉ እዚያ ታች ነበር፤ ከሦስት መቶ ካርቶን በላይ።

«ኩቻር፣ ወገብሽ ጤነኛ ነው?» አለኝ።

«ከእርስዎ ይሻላል።»

«እንግዲያው ካፖርትሽን እንደለበስሽ ውረጂ፤ ታች ይበርዳል።»

ምድር ቤቱ የድንጋይ ግድግዳ ያለው ረጅም ክፍል ነው። ደረጃው ግርጌ ላይ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከባድ የእንጨት በር አለ። በፊት ለፊቱ ግድግዳ፣ ከጣሪያው ሥር፣ በእግረኛ መንገዱ ልክ አንዲት ጠባብ መስኮት አለች፤ ሁለት የብረት ዘንግ የተገጠመባት። ካርቶኖቹ ከበሩ እስከ ኋላው ግድግዳ በተደረደሩ የብረት መደርደሪያዎች ላይ ነበሩ። ሠላሳ ካርቶን ያህል ካወጣን በኋላ የእሳት አደጋ ጣቢያው ሳይረን መጮኽ ጀመረ። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሳይረኑ ጮኸ፣ ቆመ፣ እንደገና ጮኸ።

«እንውጣ መሰለኝ» አልኩት።

«ሁለት ዙር ብቻ። በሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ዘጠኝ የታተሙት ውዶቹ እዚያ ጥግ ናቸው።»

እኔም እሺ አልኩ። ሰዎች ስለዚህ ሲጠይቁኝ ሁልጊዜ እሱን ብቻ ጥፋተኛ አድርጌ እናገራለሁ፤ ግን እግር ነበረኝ፣ ደረጃው ክፍት ነበር፣ እሺ ያልኩትም እኔው ነኝ።

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ ሰው ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ያለ ነበር። ከኋላው ግድግዳ ነው የመጣው፤ በድሮ ዘመን ከሰል ይገባበት የነበረና በጡብ የተደፈነ ቀዳዳ ካለበት። ኤልዉድ ቀና አለ። ጡቦቹ ባንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ተፈነቀሉ፤ ከኋላቸው ቡናማ ውሃ እንደ በርሜል ወፍሮ ገባ። የኋላው መደርደሪያ ወደ ፊተኛው ወደቀ፣ ፊተኛው ወደሚቀጥለው፤ እንደዚያ እየተገፋፉ እስከ በሩ ድረስ ተደረመሱ። መብራቱ ጠፋ። እኔን ውሃው ግድግዳ ላይ ለጠፈኝ። ከመስኮቷ የሚገባው አመድ የመሰለ ብርሃን ብቻ ቀረ።

«ሚስተር ቶምቻክ፣ ይሰሙኛል?»

«እሰማሻለሁ። አትጩሂ። እግሬ ነው።»

መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ውሃው ሆዱ ድረስ ደርሶ አገኘሁት። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች በመደርደሪያውና በወደቁት ካርቶኖች ሥር ገብቷል።

«ይንቀሳቀሳል?»

«እኔ አዘዋለሁ፤ እሱ ግን አይሰማኝም።»

ወደ በሩ ሄድኩ። ሁለት መደርደሪያና ስድሳ የሚሆን ካርቶን ተደርበውበታል። በሩ ወደ ውስጥ ስለሚከፈት ያን ሁሉ ሳላነሳ አንድ ጣት አይንቀሳቀስም። ካርቶን ላንሳ ብዬ ሳቅፍ ካርቶኑ እጄ ላይ ተበጠሰና ውስጡ ያለው ወረቀት ተዘረገፈ። ውሃ የጠጣ ወረቀት ምን ያህል እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። ያብጣል፤ እርስ በርሱ ይጣበቅና እንደ ሲሚንቶ ይሆናል። እኔ አንድ ሳነሳ ሌላው እየተነፋ ክፍተቱን ይሞላዋል። ጥፍሬ ተነቅሎ እየደማ እንደሆነ ያየሁት በኋላ ነው።

መስኮቷ ሥር ቆሜ ጮኽኩ። የቻልኩትን ያህል ጮኽኩ። በመንገዱ ላይ ከዝናቡ በቀር ድምፅ የለም። ሰው ሁሉ ሳይረኑን ሰምቶ ኮረብታው ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት ወጥቷል። እህቴ በዚህ ዝናብ በቀጥታ ቤቴ የገባሁ ይመስላታል፤ ክሊኒክ ያሉትም እንደዚያው። ሞሪን ኢሪ ናት። እዚህ መሆናችንን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። ይህ ሲገባኝ ውሃው ውስጥ ቁጭ አልኩ፤ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ጀመር።

«ኩቻር» አለኝ ኤልዉድ። ድምፁ ቀስ ብሏል። «ወዴት ሄድሽ?»

«እዚሁ ነኝ።»

«እንቅልፍ እንቅልፍ እያለኝ ነው።»

ያ ከውሃው ይልቅ አስፈራኝ። በጥርስ ክሊኒክም ቢሆን ሰው ራሱን ሲስት አይቻለሁ፤ የኤልዉድ ከንፈር ነጥቷል፣ እጁ እንደ ዓሣ ቀዝቅዟል። ከተኛ ይሰምጣል። ወደ እሱ ሄጄ ጎኑ ተንበረከክሁና በመደርደሪያው ሥር ያለውን ወረቀት በእጄ መዳሰስ ጀመርኩ። ብረቱን ማንሳት አልችልም። ግን እግሩን የያዘው ብረቱ ብቻ አልነበረም፤ በመሃል የተጠቀጠቀው መጽሔት ነው። እሱን በጭብጥ በጭብጥ እየቦጨቅሁ ባወጣ እግሩ ይላላል ብዬ አሰብኩ። ጀመርኩ። እንዲናገር ደግሞ የሚያናድደውን ነገር ፈለግሁ።

«ኮሎኔል ንጋት የጨው ማዕድን ውስጥ ተቀብሯል» አልኩት።

«ማን ቀበረው?»

«ማዕድኑ ተደርምሶበት ነው። ፀሐይ የለም። ኃይሉ አልቋል። ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ እንደ ማንኛውም ሰው ሆኖ ተቀምጧል።»

«ማዕድን ውስጥ አይገባም። ሞኝ አይደለም።»

«ሠራተኞች ሊያወጣ ገብቶ ነዋ። ሁሉንም አወጣ፤ ለመጨረሻዎቹ ሁለት ዙር ሲመለስ ተደረመሰበት።»

ገባው መሰለኝ። «እሺ። ከዚያስ?»

«ከዚያ ግድግዳው ላይ በር ተከፈተ። በረኛዋ ከሚያሳድዷት ሰዎች ስትሸሽ በፍርሃት በሩን ከፍታ እላዩ ላይ ወደቀችበት።»

«አይሆንም» አለ፤ ድምፁ ጠንከር አለ። «እሷ የብሉስቶን ናት። በዚያ ዓለም ንጋት የሚባል ሰው የለም። እንዴት ብላ መጣች?»

«በር ከፋች አይደለች? ግድግዳ ሁሉ ይከፈትላታል። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለውም ግድግዳ ነው።»

ኤልዉድ ሳቀ። ሳቁ ወዲያው ወደ ማቃሰት ተለወጠ፤ ግን ነቅቷል። እኔ ጭንቅላቴን ውሃ ውስጥ እየነከርኩ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ወረቀት እየቦጨቅሁ አወጣለሁ። በጣቶቼ መካከል የሥዕል ገጽ እንደ ሊጥ ይቦካል። ብቅ ስል እሱ ያርመኛል።

«ንጋት በጨለማ ዓይኑ አያይም። ይህን አትርሺ።»

«አልረሳሁም። በድምፅ ነው የሚነጋገሩት።»

«አሁን የያዝሽው የትኛው ካርቶን ነው?»

ሽፋኑን ወደ መስኮቷ ብርሃን አነሳሁ። «የአርባ ዘጠኝ።»

ዓይኑን ጨፈነ። «ቅደጂው» አለ።

ውሃው ደረቱ ላይ ሲደርስ እግሩ ግማሽ መንገድ ላይ ነበር። ትከሻው ላይ ሲደርስ ገና ቁርጭምጭሚቱ ቀርቷል። የማሞቂያ ናፍጣ ሽታ ጉሮሮዬን ያቃጥለኛል። አንዴ ስጠልቅ ካፖርቴን የሆነ ነገር ያዘውና መውጣት አቃተኝ፤ ሦስት ይሁን አራት ሰከንድ ብቻ ነው፣ ግን በዚያች ጊዜ ውስጥ አንዲትም ሐሳብ አልነበረችኝም፤ እንስሳ ነበርኩ። ስወጣ አልቅሻለሁ። እሱ አገጩን ቀና አድርጎ፣ ውሃው ጆሮው ሥር ደርሶ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ «ከዚያስ?» ይለኛል። «ከዚያስ፣ ኩቻር?»

«ጉልበትህ ሥር ይዤ እግርህን ልጎትት ነው። ያማል።»

«ሚስተር ማለቱ ቀረ ማለት ነው?»

«ቀረ፣ ኤልዉድ። ትንፋሽህን ያዝ።»

ጎተትኩት። ውሃ ውስጥ ሆኖ የጮኸው ጩኸት በእጄ አጥንት ውስጥ ተሰማኝ። እግሩ ወጣ። ሲቆም ቀኙ እግር ወዳልተፈጠረበት አቅጣጫ ታጥፎ ተንጠለጠለ። ግድግዳውን አስደግፌ በአንድ እግሩ አቆምኩት፤ ውሃው የእሱ ወገብ፣ የእኔ ጡት ላይ ደርሷል። በሩ ከውሃ በታች እየገባ ነው። የቀረችን መስኮቷ ናት።

ከወደቀው መደርደሪያ አንድ የብረት እግር ነቀልኩና የመስኮቷን ዘንግ መደብደብ ጀመርኩ። አሥር ጊዜ ያህል ስመታ ምንም አልሆነም። ኤልዉድ ከኋላዬ ሆኖ እንደ ክሬን ሹፌር አዘዘኝ።

«አትምቺው። ብረት በዱላ አይሰማም። ጫፉን ከዘንጉ ኋላ አስገቢ፤ ከታች፣ ብሎኑ አጠገብ። ከሥሩ ጡብ አድርጊ። አሁን በክንድሽ ሳይሆን በክብደትሽ ተንጠልጠዪ።»

ተንጠልጠልኩ። የመስኮቱ እንጨት ድሮ የበሰበሰ ኖሮ አንደኛው ዘንግ ከነብሎኑ ተነቀለ። ሁለተኛውም ተከተለ። መስታወቱን ሰበርኩ። ጡብ ላይ ቆሜ ጭንቅላቴን፣ ቀጥሎም ትከሻዬን አወጣሁ። ዝናቡ ፊቴን መታኝ። ሜፕል መንገድ ባዶ ነው፤ በጠርዙ ስስ ውሃ መፍሰስ ጀምሯል።

«ሂጂ» አለኝ ኤልዉድ ከታች። «ሰው ጥሪ።»

ሰው የለም። ኮረብታው ሃያ ደቂቃ መንገድ ነው፤ መመለሻው ሌላ ሃያ። ውሃው በየአምስት ደቂቃው አንድ ስንዝር ይጨምራል። ኤልዉድ መቶ አሥር ኪሎ የሚመዝን ሰው ነው፤ አላነሳውም። መዋኘት አይችልም። እዚያ ግማሽ አካሌ ውጭ፣ ግማሹ ውስጥ ሆኖ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ከዚያ ተመልሼ ወረድኩ።

«ደንቆሮ ነሽ?» አለኝ።

«ስማኝ። እኔ አላነሳህም፤ ውሃው ግን ያነሳሃል። ውሃው መስኮቷ ጋ ሲደርስ አንተም አብረህ ትደርሳለህ። እስከዚያ ጭንቅላትህን እይዛለሁ።»

«መንገዱ ላይ ያለው ውሃ ቀድሞ በመስኮቷ ከገባስ?»

ጡቡን ከመስኮቷ ሥር በእግሬ አደላደልሁና ጎኑ ቆምኩ።

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጊዜ አሳልፌ አላውቅም። ከሚገድልህ ነገር መሸሽ አንድ ነገር ነው፤ እሱ ራሱ ቶሎ እንዲመጣ መጠበቅ ግን ሌላ ነው። ውሃው ሲቆም «ምነው ቆመ» ብለን እንፈራለን፤ ሲጨምር «መጣ» ብለን እንፈራለን። በጨለማው ጥግ የሚንሳፈፉ ካርቶኖች እየተጋጩ ቀስ ብለው ያንኳኳሉ። አንድ ነገር እግሬ መሃል አለፈ፤ አይጥ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ፣ ምክንያቱም ሌላ ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አልፈለግሁም። ኤልዉድ ይንቀጠቀጣል። ክንዴን በአንገቱ ዙሪያ አድርጌ ግድግዳው ላይ ደገፍኩት።

«ጨርሺው እንጂ» አለኝ። «ማዕድኑ ውስጥ ናቸው።»

«ማዕድኑ ውስጥ ናቸው። እሷ መዳፏን ግድግዳው ላይ አደረገች። በሩ አልተከፈተም።»

«ለምን?»

«አልፈራችም። ኮሎኔል ንጋት አጠገቧ ነው። በእሷም ዓለም ቢሆን እንዲህ ያለ ድምፅ ያለው ሰው አጠገቧ ካለ አትፈራም። ተረጋጋች። በመረጋጋቷ በሩ እንደተዘጋ ቀረ።»

ውሃው አገጬ ሥር ደርሷል፤ ጡቡ ላይ በእግሬ ጣቶች ቆሜያለሁ። ሞተ እንዴ ብዬ ልነቀንቀው ስል ተናገረ።

«ይንገራት።»

«ምኑን?»

«ፈርቻለሁ ይበላት።»

«ንጋት? አርባ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ብሎት አያውቅም አላልከኝም?»

«አላለም። የሚሰማው ሰው ስላልነበረ ነው። ጨለማ ነው፣ አይታይም። ይበላት።» ትንፋሹ ተቆራረጠ። «አየሽ ኩቻር፣ ክሬኑ ላይ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ተቀመጥኩ። ከሥሬ የቀለጠ ብረት በባልዲ ይንጠለጠላል፤ ከብረቱ ሥር ሰዎች አሉ። በየቀኑ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጓንት ለብሼ ነው የደበቅሁት። ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም።»

«አሁንስ?»

«አሁን ጓንት የለኝም። ፈርቻለሁ፣ ቨርና። በጣም ፈርቻለሁ።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ፣ እግሩ ተሰብሮም ቢሆን፣ በሆነ ዘዴ እሱ ያወጣናል የሚል የልጅ እምነት ውስጤ ነበር። ያ እምነት እንደ ክር ሲበጠስ ተሰማኝ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በዚያ ፍርሃት ነው የሆነው፤ ድፍረት ነው አልልህም።

የመንገዱ ውሃ በመስኮቷ መግባት ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ሻይ ማንቆርቆሪያ፣ ቀጥሎ እንደ ምላስ። ምድር ቤቱ ባንድ ጊዜ ሲሞላ ኤልዉድ ከግድግዳው ለቀቀና ተንሳፈፈ፤ ጣሪያውና ፊታችን መካከል ሁለት ስንዝር ብቻ ቀረ። «አሁን» አልኩት። ክንዶቹን በመስኮቷ አወጣ፤ የሚገባውን ውሃ በፊቱ እየተቀበለ ራሱን ጎተተ። ትከሻው አለፈ። ዳሌው ላይ ተቀረቀረ።

መስኮቷን ሞልቷታል። ብርሃኑ ጠፋ። አየሩም የቀረው ጣሪያው ጥግ ላይ ያለው ብቻ ነው። አንዴ ተነፈስኩ፤ ጠለቅሁ፤ ትከሻዬን በመቀመጫው ሥር አድርጌ እግሬን ግድግዳው ላይ ተከልሁና ገፋሁ። አልሄደም። ቀበቶውን በጭፍኑ ፈለግሁና ፈታሁት፤ እንደገና ገፋሁ። የተሰበረው እግሩ ጆሮዬን መታኝ። ጆሮዬ ውስጥ ደወል ነበር። ሦስተኛውን ስገፋ ሰውየው እንደ ቡሽ ተፈናጥሮ ወጣ፤ እኔም ብርሃኑን ተከትዬ ወጣሁ። ስወጣ ምን እንደያዝኩ፣ ምን እንደረገጥኩ አላውቅም።

መንገዱ ወንዝ ሆኗል፤ ውሃው ጉልበት ድረስ ነው፣ ግን ይጎትታል። ኤልዉድ የመኪና ማቆሚያ ምልክት ያለበትን ዘንግ አቅፎ እንደ ልጅ ይጮኻል። ከመንገዱ ማዶ፣ ከፀጉር ቤቱ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ መስኮት ተከፈተ። ደልበርት ነው፣ ፀጉር አስተካካዩ፤ እናቱ አልወርድም ስላለችው ከሷ ጋር ቀርቶ ኖሯል።

«ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ፣ ኤልዉድ።»

«ምን ትሠራለህ እዚያ?»

«ገላዬን እታጠባለሁ። ገመድ ወርውር፣ አንተ ከብት።»

ገመድ አልነበረውም። የአትክልት ማጠጫ ጎማ ወረወረ። ጎማውን በኤልዉድ ብብት ሥር፣ ከዚያም በዘንጉ ላይ አሰርኩት፤ እኔ ደግሞ ኤልዉድን ያዝኩ። የእሳት አደጋ ሰዎች በጠፍጣፋ ጀልባ እስኪመጡ አንድ ሰዓት ያህል እንደዚያ ቆየን። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስለ ጀግና አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ደልበርት ከላይ ሆኖ ስለ እናቱ ግትርነት ያወራልን ነበር። እግዚአብሔር ይስጠው።

በሳምንቱ ሆስፒታል ሄድኩ። እግሩን በብረት ሳህንና በብሎን ገጣጥመውታል፤ ሐኪሙ በዱላ ይራመዳል ብሏል። ሞሪን ቡና ልታመጣ ስትወጣ ወንበሬን አስጠጋሁ። ሳምንቱን ሙሉ አላስተኛኝ ያለ ነገር ነበር።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አልኩት። «መስኮቷ ላይ ወጥቼ የቆየሁ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ሰው እያየሁ አልነበረም። ትቼህ ልሄድ ነበር። ወስኜ ነበር፣ ኤልዉድ። ለምን እንደተመለስኩ እስካሁን አላውቅም።»

ጣሪያውን አየ። እንደ ምድር ቤቱ ጊዜ አገጩን ቀና አድርጎ።

«እኔ አውቃለሁ» አለ። «ሂጂ እያልኩሽ የካፖርትሽን ጫፍ ይዤ ነበር። በሁለት እጄ። ብትጎትቺም አልለቅሽም ነበር።»

እጁን ብርድ ልብሱ ላይ ዘርግቶታል፤ ይንቀጠቀጣል። አልደበቀውም። እኔም እጄን እጁ ላይ አደረግሁ፤ የእኔም ይንቀጠቀጥ ስለነበር የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም ነበር።

ሱቁ ዳግመኛ አልተከፈተም። ኤልዉድ ልጁ ጋ ወደ ኢሪ ሄደ፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። ዝናብ በጠነከረ ቀን ይደውልልኛል። «የት ነሽ?» ይለኛል። ከፍ ያለ ቦታ እንዳለሁ እነግረዋለሁ፤ እሱም የት እንዳለ ይነግረኛል፤ ከዚያ ዝናቡ እስኪያባራ ስልኩን ሳንዘጋ ዝም ብለን እንቀመጣለን።